ጸዳለና ሰማንያ ሦስቱ ቀኖች

የምሥራች! ኧረ «ምስር ብዪ» በሉኝ እንጂ፣ ዝም ብላችሁ አትዩኝ። አልፋለች! ማለፍ ብቻ መሰላችሁ? «በጣም ጥሩ» ነው የተባለው። ዛሬ ረፋድ ላይ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ሦስት ፈታኞች ከተቀመጡበት ክፍል ውጤቷን ሰምታ ስትወጣ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር። እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ እስካሁን ያልሰማ ካለ ከእኔ ከጎረቤቷ ይስማ።

ማን ናት እንዳትሉኝ። ጸዳለ ናታ! የእቃ ግምጃ ቤቷ ጸዳለ፣ የማዕዶት እናት። በአርባ ስድስት ዓመቷ፣ ጉልበቷን እያመማት፣ ሁለተኛ ዲግሪ! ነገሩ ከየት ተነስቶ የት እንደ ደረሰ ካልነገርኳችሁ ግን ደስታው ግማሽ ነው፤ ስለዚህ አረፍ በሉና ስሙኝ።

አባቷ ከቡሬ እዚህ የመጡት በፀረ ወባ ሥራ ነው። የአርባ ምንጭ ቤት ገና የሚቆጠር በነበረበት ዘመን መድኃኒት መርጫውን በጀርባቸው አዝለው ከሐይቁ ዳር እስከ ተራራው ግርጌ ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር። ከሥራ ሲመለሱ መርጫውን አጥበው፣ አስረክበው፣ ፈርመው ነው እህል የሚቀምሱት። ለልጃቸውም «የሰው ልጅ ቢጠፋብሽ ጎረቤት ወጥቶ ይፈልግልሻል፤ የመንግሥት ዕቃ ቢጠፋብሽ ግን ብቻሽን ነሽ» ይሏት ነበር። ጸዳለ ይህን እየሰማች አደገች። በሂሳብ መዝገብ አያያዝ ዲፕሎማዋን ይዛ በ1985 ዓ.ም. አንድ የውሃ ጽሕፈት ቤት ተቀጠረች፤ የትኛው እንደሆነ ለታሪኩ አያስፈልግም። በሁለተኛው ቀን የስቶሩን ቁልፍ ሰጧት። ቁልፉ ቦርሳዋ ገባ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ከቦርሳዋ አልተለየም።

ስቶሩ ውስጥ ያለው ወርቅ አይደለም። የፓምፕ ዘንግ፣ የጎማ ማሸጊያ፣ ቧንቧ፣ ብሎን ነው። ጸዳለ ግን እንደ ወርቅ ነው የያዘችው። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ትመዘግባለች፤ ሲወጣ በሞዴል 22 ታስፈርማለች፤ የተሞላ የዕቃ መጠየቂያ ያልያዘ ሰው በሯን ባይረግጥ ይሻለዋል። አንድ ጊዜ ኃላፊው ራሳቸው መጥተው «ጸዳለ፣ ለቢሮዬ አንድ አምፖል» ቢሏት «እሺ ጌታዬ፣ መጠየቂያ ሞልተው ያምጡ» ብላ መልሳቸዋለች። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ኦዲተሮች ይመጣሉ፣ ላባቸውን እየጠረጉ ይቆጥራሉ፣ መጨረሻ ላይ «ጉድለት የለም» ብለው ይጽፋሉ። ጸዳለ እነዚያን ደብዳቤዎች በላስቲክ ማኅደር አድርጋ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለች። እንግዳ ሲመጣ ሌላው የሠርግ አልበም ያወጣል፤ እሷ «ጉድለት የለም»ን ታወጣለች።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ሲጀምር ከልጆቿ እኩዮች ጋር የተቀመጠችው። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያዘች፤ አላረፈችም፤ ሁለተኛውን ጀመረች። ትምህርቱ የመንግሥት አገልግሎት ሂሳብና አስተዳደር ነው። ኮርሱን ጨረሰች። የቀራት የምርምር ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ ችግሯ የጀመረውም እዚያ ላይ ነው። ርእሷ «የንብረት ሂሳብ አያያዝና የውሃ አገልግሎት አሰጣጥ» የሚል ነበር። አንድ ዓመት አራዘመችው። ሁለተኛ ማራዘም አይፈቀድም። ዘንድሮ ሰኔ ላይ ካላቀረበች ስሟ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ የአራት ዓመት ቅዳሜና እሑድ አብሮ ይሰረዛል።

አማካሪዋ ዶክተር ተስፋጽዮን ይባላል። ከጎንደር የመጣ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጫጫ ልጅ ነው። እሱ «እርስዎ» ይላታል፤ እሷ «ዶክተር» ትለዋለች፤ ስትደነግጥ ግን «ልጄ» ያመልጣታል። ባለፈው ጥር የራሷን ጨምሮ በአምስት የውሃ ጽሕፈት ቤቶች መጠይቅ በትና፣ ሰብስባ፣ በጥሩ ካርቶን አሽጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። እሱ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ከመሃል መዝዞ አየ።

«ወይዘሮ ጸዳለ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መልሱ ነዋ። ዘጠና ስድስት በተንኩ፣ ዘጠና ስድስት ተመለሰልኝ። አንድም አልጎደለም።»

«እሱስ አልጎደለም። ግን ሁሉም አንድ ነው።»

እውነቱን ነው። «በመሥሪያ ቤታችን ዕቃ በወቅቱ ይገኛል» ለሚለው ሁሉም «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት አድርጓል። «በመሥሪያ ቤታችን ዕቃ በወቅቱ አይገኝም» ለሚለውም «በጣም እስማማለሁ»። «ዕቃ ይሰረቃል» ለሚለውም እንደዚያው! ለካ ወሩ የግማሽ ዓመት የሠራተኛ ምዘና የሚሞላበት ነበር። የጸዳለ መጠይቅ ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» አምስት ሣጥን አለው፤ የምዘናውም ቅጽ አምስት ሣጥን አለው። ሠራተኛው ሁሉ የተመዘነ መስሎት ከፍተኛዋን ሣጥን ሞላት። አንደኛው ቢሮ ውስጥ ጸሐፊዋ አንዱን ሞልታ ሃያውን ፎቶ ኮፒ አድርጋዋለች። ሌላኛው ቢሮ ደግሞ ሸኚ ደብዳቤ ጽፎ፣ ቁጥርና ቀን ሰጥቶ፣ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ማኅተም መትቶ ነው የላከው።

«ማኅተም ያረፈበት መጠይቅ ገና ዛሬ አየሁ» አለ ዶክተሩ ሳቁን እየታገለ።

«ሕጋዊ ነው ማለት ነው» አለች ጸዳለ። ማኅተም ስታይ ልቧ ይረጋል። ቀጥሎ ግን ፊቱን አየችና ገባት። «አይሠራም በለኛ ልጄ። አይሠራም?»

«አይሠራም። ሰው አለቃውን እያየ ነው የመለሰልዎት።» ትንሽ አሰበና «ወረቀቱን ለምን አይጠይቁትም?» አላት። «መጠየቂያው ላይ ቀን አለ። ወጪ የሆነበት ሞዴል 22 ላይም ቀን አለ። አንዱን ከአንዱ ይቀንሱ። ሰውየው ስንት ቀን እንደጠበቀ ይነግርዎታል።»

ጸዳለ ሃያ ሁለት ዓመት ሁለቱንም ወረቀት ጎን ለጎን ስታስር፣ አንዱን ከሌላው የቀነሰ ሰው አይታ አታውቅም።

ከዚያ በኋላማ ማን ይያዛት! የየቢሮውን የእቃ ግምጃ ቤት ሠራተኞች ለመነች፤ ፈቃድ አስጻፈች፤ ምሳ ሰዓቷን ሁሉ በአቧራ ጨረሰች። ከሁሉም የተባበራት አቶ ካሱ ነው፤ በሌላ ቢሮ እንደ እሷው ቁልፍ ያዥ፣ ጡረታው የቀረበ ሰው።

«እዪ ጸዳለ» አላት ፋይል እያወረደላት፤ «እኔ ፈቃድ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ።»

«ለምን? ሰው አይደለህ እንዴ?»

«ልውጣ ስል ርክክብ ይሉኛል። ርክክብ ማለት ከብሎን እስከ ቱቦ መቁጠር ነው። ለመቁጠር ኮሚቴ ያስፈልጋል። ኮሚቴው ደግሞ አንዱ ሥልጠና ነው፣ አንዱ መስክ ነው፣ አንዱ ለቅሶ ነው። ያለ ርክክብ ከወጣሁ ቁልፉን ይዤ መሄዴ ነው፤ ስቶሩ ተዘግቶ ይቆያል። ስለዚህ ቁጭ ብያለሁ። ሚስቴ ከስቶሩ ጋር ተጋባ እያለች ታማኛለች።»

ጸዳለ ሳቀች፤ ነገሩን ግን ልብ አላለችውም። የሁላቸውም ወግ ይኸው ነውና።

ሁለት መቶ አሥራ አራት መጠየቂያ ሰበሰበች። ልጇ ማዕዶት ኮምፒውተር ላይ አስገባችላት። «እማዬ፣ ማውሱን ቀስ አድርገሽ ያዢው፣ አያመልጥሽም» እያለች፣ ብዙ ቀን ከጠበቀው ወደ ጥቂት ቀን የጠበቀው አስደረደረቻት። ከላይ አንድ ቁጥር ቁጭ አለ፤ ሰማንያ ሦስት።

«ሰማንያ ሦስት ቀን!» አለች ጸዳለ። «የማን ዝርክርክ ነው ይሄ?»

ማዕዶት ወረቀቱን ፈልጋ አወጣች። አየችው። ከዚያ «እማዬ፣ ይቺ የአንቺ ፊርማ አይደለችም?» አለቻት።

ነበረች። ላንቴ ለሚባለው የገጠር ቀበሌ የእጅ ፓምፕ የሚሆን ሁለት የጎማ ማሸጊያ። ሁለቱም አንድ ላይ በመዳፍ የሚያዙ ናቸው። የተጠየቁት ጥቅምት 7 ቀን 2004፤ የወጡት ታኅሣሥ 30። ጸዳለ ያን ጊዜ የት እንደነበረች ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። እናቷ ሐዋሳ ሆስፒታል ገብተው ነበር። ያጠራቀመችውን ፈቃድ ሁሉ ይዛ ሄደች፤ አስታመመች፤ ቀበረች፤ አርባውን አውጥታ ተመለሰች። ቁልፉ ከእሷ ጋር ነበር፤ በአስታማሚ አልጋ ላይ ቦርሳዋን ተንተርሳ ነበር የምትተኛው፣ እንዳይጠፋባት። በዚያ ዓመት ሐምሌ ኦዲተሮቹ መጥተው ምን ጻፉ? «ጉድለት የለም።»

በማግሥቱ የቢሮዋን የፋይናንስ ኃላፊ ዘካሪያስን አማከረችው። ዘካሪያስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእሷ ያስባል።

«አውጪያታ! አንዲት መስመር ናት» አላት። «ከሌሎቹ እጅግ ያፈነገጠ ቁጥር ይወጣል፤ መጽሐፉም ይፈቅዳል። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት መቼ አነሰሽ?»

«ያፈነገጠው እኮ ቁጥሩ አይደለም ዘኪ፣ እኔ ነኝ።»

«ስሚ እትዬ ጸዳለ። በሚቀጥለው ወር ለሚሰጠው የንብረት አስተዳደር ቡድን መሪነት ስምሽ ቀርቧል። ሃያ ሁለት ዓመት ስምሽን አንጽተሽ ኖረሽ፣ አሁን በገዛ እጅሽ ራስሽን ልትከሺ ነው? ኧረ ጠበቃም ቀጥሪ እንግዲህ!»

እየሳቀ ነው ያላት። እሷ ግን አልሳቀችም። ማውጣቱ ቀላል ነው፤ መስመሯን መርጦ አንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ ማዕዶት አስተምራታለች። ዶክተር ተስፋጽዮንን ጠየቀችው። እሱም «ቀኑ በስህተት የተጻፈ ከሆነ ያውጡት። ስህተት መሆኑን ግን ሄደው ያረጋግጡ» አላት። ጸዳለ በዚህች ቃል ላይ ተንጠለጠለች። ምናልባት ስህተት ይሆናል! ምናልባት ፓምፑ ያን ጊዜ አልተሰበረም ይሆናል፤ ለመጠባበቂያ ጠይቀው ይሆናል። በማግሥቱ ሰኞ አንድ ቀን ፈቃድ ሞልታ ላንቴ ወረደች።

የቀበሌውን የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ልክነሽን ያገኘቻት ሙዝ ስትጭን ነው። ጎልማሳ ናት፤ አፍ መፍቻዋ ጋሞኛ ነው፤ አማርኛዋ አጭር አጭር ነው፣ ግን ይዋጋል። ጸዳለ ተማሪ መሆኗን ነገረቻትና «በሁለት ሺህ አራት ጥቅምት ላይ ፓምፑ በእርግጥ ተሰብሮ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ተሰብሮ ነበር ወይ?» ልክነሽ የያዘችውን የሙዝ ዘለላ አስቀመጠች። «ከመስኖ ቦይ ነው የጠጣን። ልጆች በሆድ በሽታ ወደቁ። እኔ አራት ጊዜ ከተማ ሄድኩ። አራት ጊዜ!»

«ምን አሏችሁ?»

«ዕቃው አለ አሉን። በመስኮት አየሁት፣ መደርደሪያ ላይ፣ እዚያ። ቁልፉ ሴትየዋ ጋ ነው አሉን። ሴትየዋስ? የለችም። መቼ ትመጣለች? አይታወቅም። ሰው ሞቶባት ይሆናል እንጂ እንዲህ አትቀርም ብዬ እኔ ራሴ አዘንኩላት።»

ጸዳለ ዝም ብላ ልትመለስ ትችል ነበር። ልክነሽ አታውቃትም፤ ማንም አይነግርባትም።

«ሴትየዋ እኔ ነኝ» አለቻት። «እናቴ ናት የሞተችው።»

ሌሎቹ ጫኞች ሥራ አቆሙ። ከዚያ ልክነሽ ራሷን ነቀነቀችና «እግዜር ያጥናሽ» አለቻት። ደግሞ ዓይኗን አጠበበች። «ዛሬ ሰኞ ነው። አንቺ እዚህ ነሽ። ቁልፉስ ማን ጋ ነው?»

ጸዳለ እጇ ሳታስበው ወደ ቦርሳዋ ሄደ። ነበረ። እዚያው ነበረ!

«ኧረ ሂጂ! ሂጂ!» አለች ልክነሽ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት፤ ጫኞቹም አብረው ፈነዱ። «ሌላውም አራት ጊዜ ይመላለስ? ሩጪ እንጂ እህቴ!» አንድ ዘለላ ሙዝ እጇ ላይ ጣለችላትና የከተማውን ሚኒባስ ራሷ አስቆመችላት።

ቢሮዋ ስትደርስ የስቶሩ ደረጃ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ከደጋ የወረዱ ናቸው፤ የተፈረመ መጠየቂያቸውን አጣጥፈው ይዘዋል። ከጠዋት ጀምሮ ነው የተቀመጡት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ጸዳለ በሩን እንደዚያን ቀን በፍጥነት ከፍታው አታውቅም። ዕቃቸውን ሰጠቻቸው፤ ሙዙንም ሰጠቻቸው። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ስትጨርስ ፊቷን ታጥባ ጽሑፏን ከፈተች። መስመሯን አላወጣቻትም። እንዲያውም ከአምስቱም ቢሮ የፈቃድ ደብዳቤዎችን አስመጥታ ከመጠየቂያዎቹ ቀን ጋር አስተያየቻቸው። ከአንድ ወር በላይ የጠበቁት መጠየቂያዎች ሠላሳ አንድ ናቸው። ከሠላሳ አንዱ ሃያ አራቱ የቆዩት ቁልፍ ያዡ ፈቃድ ላይ በነበረበት ጊዜ ነው። ዕቃው አለ። ሰውም አለ። መሃላቸው ላይ ያለው አንድ ቦርሳ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ይህን ይዛ ቀረበች። አዳራሹ ውስጥ ማዕዶት አለች፣ ዘካሪያስ ከኋላ ተቀምጧል፣ የቢሮዋ ኃላፊም ሳይጠበቁ መጥተዋል። እኔም አንዲት ጥግ ይዤ ነበር። ጸዳለ ቁጥሮቿን አንድ በአንድ አቀረበች። «የመንግሥት ሂሳብ የጠፋውን ዕቃ ይቆጥራል» አለች። «ዕቃው ሳይጠፋ የባከነውን የሰው ቀን ግን የሚመዘግብ ዓምድ የለውም። ስለዚህ ምንም ሳይጎድል ብዙ ይጎድላል።»

ከፈታኞቹ አንዱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፊቱ የጠቆረ ነበር። መነጽሩን አወለቀ።

«ይህ ሰማንያ ሦስት ቀን ያቆየው ሠራተኛ። ቃለ መጠይቅ አድርገውለታል?»

«አድርጌያለሁ።»

«ማን ነው?»

ዘካሪያስ ከኋላ ሲያስለው ሰማሁት። ዶክተር ተስፋጽዮን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ጸዳለ ኃላፊዋን አየች፤ ከዚያ ፈታኙን አየች።

«እኔ ነኝ።»

ፈታኙ መነጽሩን መልሶ አደረገ።

«እና፣ ምን አለችዎት?»

«አላወቅሁም ነበር አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃው የት ነው ብለው ጠይቀዋታል። ሰውየው ስንት ቀን ጠበቀ ብሎ የጠየቃት ግን የለም። ራሷም ጠይቃ አታውቅም።»

ሌላ ጥያቄ አልነበረም። አስወጧት፤ ተማከሩ፤ መልሰው አስገቧት፤ «በጣም ጥሩ» አሏት። ያ ፊቱ የጠቆረው ሰውዬ ተነስቶ እጇን ጨበጣት፣ ሁለት እጁን አድርጎ! ማዕዶት እዚያው እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ጸዳለም ዶክተሩን በሕዝብ ፊት «ልጄ፣ ተባረክ» ብላ ጉንጩን ሳመችው፤ እስከ ጆሮው ቀላ።

ኃላፊዋ በረንዳ ላይ አገኟት። እኔም፣ ምን ልበላችሁ፣ ጆሮዬን ጥዬ ነበር። «ዕድገቱን በተመለከተ ኮሚቴው ነው የሚወስነው፤ አሁን ምንም አልልሽም» አሏት። ጸዳለም «አውቃለሁ ጌታዬ» አለች፤ አዝና አይደለም። «ግን» አሉ፤ «ቶሎ ቶሎ የሚፈለጉትን የፓምፕ ዕቃዎች ከሐምሌ ጀምሮ ለብቻቸው መደርደሪያ እናድርግላቸው። ለእነሱ ሁለተኛ ቁልፍ ያዥ ይመደብ። ጥቂት ስለሆኑ ቆጠራቸውም ግማሽ ቀን አይፈጅም። ጽሑፍሽን ለሌሎቹ ቢሮዎችም እንልካለን።» ዘካሪያስ ከጎን ሆኖ «ጠበቃ ሳትቀጥር ረታች!» ብሎ ጮኸ።

ለሌሎቹም ቢሮዎች! ሰምታችኋል? አቶ ካሱ እኮ ገና አልሰማም! ሦስት ዓመት ፈቃድ ያልወጣው ሰውዬ፣ አሁን እዚያ ስቶሩ በር ላይ ተቀምጦ ይሆናል። ጸዳለ ደስታው አስክሯት ረስታዋለች፤ ስልኩን ደግሞ እሱ መቼ አንስቶ ያውቃል። ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው፤ ለምሳ ሳይወጣ ልድረስበት። ቀሪውን ከእሷው ስሙት፣ እኔ ሄድኩ። ባጃጅ! አንተ ባጃጅ፣ ቁም እንጂ!